አስራ አምስት ፒቸርና የብሩህ ክንድ

ጁን 7፣ ቅዳሜ

ሐበሻ ከመቼ ወዲህ ነው ቤዝቦል የሚያየው? ይህን ያልጠየቀኝ ሰው የለም። ዛሬ የጠየቀችኝ ከቤተ ክርስቲያን የምታውቀን ሴትዮ ናት፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰርካለም ግሮሰሪ በር ላይ አገኘችኝ። «ይስሐቅ፣ አራት ዓመት ስታቲስቲክስ የተማርከው ዱላና ኳስ ልታይበት ነው?» አለችኝ። ስቄ አለፍኩ። መልሱ ከግሮሰሪው ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ነው፤ የእንጀራ ካርቶን ተደርድሮ፣ ቴሌቪዥኑ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንጯጯህባት።

ጋሽ ጸጋዬ ጨዋታውን የለመዱት ታክሲ ሲነዱ፣ ስታዲየም በር ላይ ተሳፋሪ እየጠበቁ በሬዲዮ ነው። ሄኒ ሄርንደን ኤርፖርቱ አጠገብ መኪና ያከራያል፤ አፉ አያርፍም። ያኔት ፌርፋክስ አንድ የፊዚካል ቴራፒ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች፤ ብዙ አታወራም፣ ታያለች። እኔ ገምጋሚው ነኝ። ሜይ ላይ ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ነው፤ እስከዚያው በየሳምንቱ የከተማችንን ቡድን ግምገማ በአማርኛ ጽፌ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ እለጥፋለሁ።

«ዘንድሮም ፒቸር ብቻ ሊመርጡ ነው አሉ» አሉ ጋሽ ጸጋዬ። ድራፍቱን ማለታቸው ነው፤ የተጫዋች ምርጫውን። ጁላይ ላይ ቡድኖች ከኮሌጅና ከሃይስኩል ልጆች ተራ በተራ ይመርጣሉ። «ወርዋሪ በወርዋሪ ላይ! እሺ፣ ማነው የሚመታው? እኔ ልምታ?»

«እርስዎ ከመቱማ ዋንጫው የኛ ነው» አለ ሄኒ።

ሁሉም ተናደዋል። እኔ ብቻ ደስ ብሎኛል። ፒቸር ይብዛ። ወንድሜ ብሩህ ፒቸር ነው፤ ኳስ ወርዋሪ።

ጁን 11፣ ረቡዕ

ቸኩያለሁ። ስካውት መጣ፣ ተጫዋች መልማይ! ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ፣ ብሩህ በሚጫወትበት የበጋ ሊግ ሜዳ። የከተማችን ቡድን ሰው። የፍጥነት መለኪያውን ከመረቡ ኋላ ደቅኖ አየሁት። በሰዓት ዘጠና አምስት ማይል! ሄጄ ያናገርኩት እኔ ነኝ፤ ብሩህ ዓይን አፋር ነው። ስለማሰላቸው ቁጥሮችም ነገርኩት። «ላክልኝ» አለኝ። ካርዱ ኪሴ ውስጥ ነው። አሁንም እየነካካሁት ነው።

ጁን 15፣ እሁድ

የሰኔ ጾም ስለገባ እማዬ ሽሮ አቀረበች። ሦስታችን አንድ ትሪ ላይ። አባባ ካረፈ ወዲህ ሥራዋ እንዴትም ቢሆን የእሁድ ምሳ አብረን ነው የምንበላው። ብሩህ እጁን ሰደደ፤ ግራውን።

እማዬ እጇ አየር ላይ ቀረ። «ምን ሆነሃል? በግራህ?»

«ሶሪ፣ እማዬ።»

በቀኙ ጀመረ። ሁለት ሦስቴ ጎረሰና «ጠገብኩ» ብሎ ተነሳ። ሃያ ዓመቱ ነው፤ ከዚህ ትሪ ላይ ሳይጠግብ ተነስቶ አያውቅም። በኋላ ወጥ ቤት ስገባ ደረቅ ሲሪያል ቆሞ በማንኪያ ሲበላ አገኘሁት። ማንኪያው በግራ እጁ ነበር።

«አሜሪካ ያሳደገው እንዲህ ነው» አለች እማዬ። «ሰው ቤት እንዲህ ቢያደርግ ምን እባላለሁ? ስምንት ዓመቱ ነው ሲመጣ፤ ያሳደግኩት እኔ አይደለሁም ወይ?»

«ልማድ ነው እማዬ» አልኳት። «ስፖርተኞች ሁለቱንም እጅ ያለማምዳሉ።»

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። አመነችኝ። እማዬ ከተመረቅኩ ወዲህ የምነግራትን ሁሉ ታምናለች።

ጁን 18

ሥራ፦ ሦስት ቦታ አመለከትኩ፣ ሁለቱ ዝም። የስካውቱ ካርድ አሁንም ኪሴ ውስጥ። የላክኩትን ይክፈተው አይክፈተው አላውቅም።

ጁን 22፣ እሁድ

ብሩህን ከልምምድ ሳመጣው፣ ድልድዩን ወደ ሜሪላንድ ስንሻገር ሬዲዮውን ዘጋው። ብሩህ ሬዲዮ ከዘጋ ነገር አለ ማለት ነው።

«ይስሔ፣ ክርኔ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ላይክ፣ ያቃጥላል። ከሜይ ጀምሮ።»

«ለኮችህ ነግረሃል?»

«ኖ። አንተ ምን ትላለህ?»

መንገዱን እያየሁ ነበር የነዳሁት። ፒቸር ሆኖ ክርኑን የማያመው የለም አልኩት። እውነት ነው፤ የሚታወቅ ነገር ነው። አሁን ሐኪም ቢያየው ወረቀት ላይ ይወጣል፣ ወረቀት ላይ የወጣ ነገር ደግሞ ቡድኖቹ ጋ ይደርሳል። ከተመረጠ ግን የቡድኑ ሐኪሞች ራሳቸው ያዩታል፤ በአገሩ ምርጥ የተባሉት። ጥቂት ሳምንት ነው። በረዶ ያዝበት፣ ውርወራ ቀንስ አልኩት።

«ኦኬ» አለ። ሬዲዮውን ከፈተ።

መጥፎ ምክር አልነበረም። እሱ ጠየቀኝ፣ እኔ የመሰለኝን ነገርኩት። ልጅ አይደለም፤ ውሳኔው የራሱ ነው። ይህን ለምን ደጋግሜ እንደምጽፈው አላውቅም።

ጁላይ 3፣ ሐሙስ

ስካውቱ መለሰልኝ! ቁጥሮቼን አንብቧቸዋል። ስለ ፒቸሮች የሠራሁትን ትንተና ለዳታ ክፍላቸው አሳይቶላቸዋል፤ መስከረም አካባቢ አዲስ ሰው ይፈልጋሉ፣ እንነጋገራለን አለ። ኢሜይሉን አምስቴ ሳላነበው አልቀረሁም።

መጨረሻው ላይ አንድ መስመር ነበረች። የወንድምህ ክንድ እንዴት ነው፣ ቤት ውስጥ የሚሰማ ነገር አለ?

ንጹሕ ነው ብዬ መለስኩ።

ሁለቱ ጉዳዮች የተለያዩ ናቸው። አንድ ኢሜይል ላይ ስለመጡ እንጂ ምንም አያገናኛቸውም።

ጁላይ 14፣ ሰኞ



የድራፍቱ ሁለተኛ ቀን። የሰርካለም ግሮሰሪ የኋላ ክፍል ጠባብ ሆና ሰው በር ላይ ቆሞ ነበር። ሄኒ እያንዳንዱ ስም ሲጠራ ከአስተዋዋቂው ቀድሞ ይጮሃል። «ፒቸር! ... ፒቸር! ... ቆይ ቆይ፣ ይሄኛው ደግሞ ... ፒቸር!» ጋሽ ጸጋዬ ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸውን ይመቱበታል። «መቺ! አንድ መቺ ለነፍስ!»

የመጨረሻው ራውንድ፣ ሃያኛው ዙር፣ ደረሰ። የከተማችን ቡድን ተራ። ስሙ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ብሩህ። የአባባ ስም ከጎኑ።

ብሩህ ከተቀመጠበት ካርቶን ተነሳ። ከዚያ ጋሽ ጸጋዬ አለቀሱ። አንገቱን አቅፈው «የኔ ልጅ! እኔ ደግሞ ፒቸር አንፈልግም ስል የከረምኩ!» እያሉ አለቀሱ። ሄኒ የእንጀራ ካርቶን ላይ ወጥቶ ጨፈረ፤ የግሮሰሪው ባለቤት ወይዘሮ ሰርካለም ውረድ ብላ በመጥረጊያ አባረረችው። ሰው ሁሉ ብሩህን አቀፈው። እሱ በአንድ እጁ ነበር የሚያቅፈው። ያኔት ስታቅፈው ቀስ ብላ ነው ያቀፈችው፣ እንደሚሰበር ነገር። ከትከሻው በላይ አየችኝ። ዓይኔን ወደ ቴሌቪዥኑ መለስኩ።

እማዬ ፈረቃ ላይ ነበረች፤ ደወልኩላት።

«ተመረጠ ማለት ምን ማለት ነው? ትምህርቱስ?»

«ሥራ አገኘ ማለት ነው እማዬ። የሚወደውን ሥራ።»

የምትጦራቸው አሮጊቶች መካከል ሆና እልል አለች። ስልኩ ውስጥ አንዷ በእንግሊዝኛ «ምንድን ነው? እሳት ነው?» ስትል ተሰማኝ።

ከሃያ ምርጫ አስራ አምስቱ ፒቸር። አስራ አምስተኛው ወንድሜ።

ጁላይ 16፣ ረቡዕ

ግምገማዬን ለጠፍኩ። እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ ረጅሙ። ቡድኑ ለምን ክንድ እንዳበዛ፣ ይህ ፍርሃት ሳይሆን ዕቅድ እንደሆነ፣ አስራ አምስቱንም በስም በስም። ብሩህ ጋ ስደርስ «ፍጥነቱ እየጨመረ ያለ፣ ትሑት፣ ሠራተኛ። ጤንነቱ እንከን የለበትም» ብዬ ጻፍኩ። ለሁሉም ስለ ጤንነት ጽፌ ለእሱ ብዘል ያስታውቅ ነበር።

ግሩፑ ፈነዳ። ሄኒ «ለወንድምህ ኤ ፕላስ ሰጥተህ ለቴክሳሱ ልጅ ሲ? እንዲህ ያለ ዳኛ ደግሞ አይቼ አላውቅም!» ብሎ ጻፈ።

ከሰዓት በኋላ ግሮሰሪው ጋ ጋሽ ጸጋዬን አገኘኋቸው። «ያጻጻፍህ ያምራል» አሉኝ። «ግን እኔ ልንገርህ፣ አስራ አምስት ፒቸር የሚመርጡት ለምን መሰለህ? ብርጭቆ ነው። ደርዘን ሙሉ የምትገዛው እንደሚሰበር ስለምታውቅ ነው። ሁለት ከተረፈላቸው ይበቃቸዋል።»

ብሩህ ከኋላዬ ነበር። ውሃ ገዝቶ ሊወጣ።

«አንተን አይደለም እኮ!» አሉ ጋሽ ጸጋዬ ደንግጠው። «አንተማ ብረት ነህ።»

«ኢትስ ፋይን፣ ጋሼ» አለ ብሩህ። ሳቀ እንኳ። የውሃውን ጠርሙስ በጥርሱ ነው የከፈተው።

ያኔት ለብቻዬ ቴክስት አደረገችልኝ፦ «የብሩህን ጤንነት ከየት አመጣኸው?»

«ከቤት» አልኳት።



ጁላይ 17፣ ሐሙስ

ብሩህ ማክሰኞ ፍሎሪዳ ይሄዳል። የቡድኑ ሐኪሞች መርምረውት ነው የሚፈርመው። ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ክርኑን ሲያጥፍ ሲዘረጋ አገኘሁት።

«ያዩታል» አለኝ።

«እስከዚያ እናስታግሰዋለን» አልኩት።

የሄኒ እናት ትከሻዋ ወልቆ ሀያትስቪል ያለ ወጌሻ በአንድ ቀን አስነስቷታል፤ ሄኒ ሁልጊዜ ያወራዋል። አቶ በፈቃዱ ይባላሉ። ቁጥሩን ከሄኒ ስቀበል «ለእማዬ ወገብ ነው» አልኩት።

ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። አቶ በፈቃዱ ሰፊ መዳፍ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ብሩህን ምንጣፍ ላይ አስቀምጠው ክርኑን ያዙት።

«ወድቀህ ነው?»

«ኳስ ሲወረውር ነው፣ ጋሼ» አልኩ።

«ኳስ? ስንት ኪሎ ነው ኳሱ?»

ብሩህ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ አውራ ጣታቸውን ከክርኑ ውስጠኛው ጎን ከተቱ። ቫዝሊን ከቪክስ ጋር ቀላቅለው በሞቀ ውሃ እያሹ ነበር፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ከወንድሜ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። እኔ «አይዞህ፣ አይዞህ» እያልኩ ሌላ እጁን ይዣለሁ።

«ጅማቱ ዞሯል። ይኸው ተመለሰ» አሉ። በጨርቅ አሰሩት። «ሁለት ሳምንት ውሃ እንኳ እንዳይቀዳበት።»

መኪና ውስጥ ጨርቁን ፈታነው፤ ፍሎሪዳ አስሮ አይሄድም። ቀስ ብሎ አጠፈው።

«ይሻላል» አለ። ፊቴን አየና ደግሞ፣ «ያህ። አይ ቲንክ ይሻላል።»

ተሻለው። ራሱ ነው ያለው።

ጁላይ 19፣ ቅዳሜ ጠዋት

ዛሬ አሌክሳንድሪያ የስንብት ጨዋታ። ብሩህ አይወረውርም፣ ሊሰናበት ነው የሚሄደው። ግን ሁሉም እየመጡ ነው! ሄኒ ቲሸርት አሠርቷል፣ የብሩህ ስም በአማርኛ ከጀርባ። ጋሽ ጸጋዬ ፈቃድ ወስደዋል። ወይዘሮ ሰርካለም ግሮሰሪዋን ዘግታለች። ስካውቱም ብቅ እላለሁ ብሏል። እማዬ ቁልፍ ይዛ በር ላይ ቆማለች። ልሂድ።

ጁላይ 19፣ ማታ

በቅደም ተከተል ልጻፈው። በቅደም ተከተል ከጻፍኩት ነገሩ የት ላይ እንደተበላሸ አገኘዋለሁ።

ግማሹ መቀመጫ በእኛ ቢጫ ቲሸርት ተሞልቶ ነበር። ጋሽ ጸጋዬ ከሱፋቸው በላይ ነው የለበሱት። ከዘጠኙ የጨዋታ ዙሮች በስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ሄኒ «ብሩህ! ብሩህ!» ማለት ጀመረ፤ ሰዉ ተቀበለው፤ ፈረንጆቹም ተቀበሉት። ኮቹ ወደ ብሩህ ዞሮ ትከሻውን ሰበቀ፤ እንደፈለግህ ማለቱ ነው። ብሩህ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ፈለገኝ። ከዚያ ሁሉ ቢጫ መሀል አገኘኝ። አንድ ጣቱን አነሳ። አንድ ኢኒንግ?

ስካውቱ ከመረቡ ኋላ ቆሞ ነበር። እኔ ምንም አልተናገርኩም። ጭንቅላቴን ወደ ታች ብቻ ነው የነቀነቅኩት። ፀሐዩ ፊት ለፊቴ ነበር፤ ሰው ፀሐይ ሲያየው ጭንቅላቱን ያንቀሳቅሳል።

የመጀመሪያውን መቺ አስወጣው። ሜዳው ተናወጠ። እማዬ «ምን ሆነ? ጥሩ ነው?» እያለች እጄን ትጎትታለች። ሁለተኛው መቺ ላይ ኳሷ ከኳስ ያዡ ራስ በላይ፣ ከመረቡም በላይ ሄደች። ሰው ሳቀ። ብሩህ አልሳቀም። ቀኝ እጁን በግራው ደረቱ ላይ አቅፎ ተንበረከከ፣ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው። ሄኒ ገና አልገባውም፤ «ብሩህ! ብሩህ!» እያለ ነበር። ጋሽ ጸጋዬ አፉን በመዳፋቸው ያዙት።

ያኔት አጥሩን ዘላ ገባች። እኔ ስደርስ ክርኑን ይዛ ነበር። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«ቪክስ ነው። ማን ነው ይህን ያሸው? ብሩህ፣ ማን ነው?»

አፌን ከፈትኩ።

«ማይሰልፍ» አለ ብሩህ። «እኔ ነኝ።»

አላየኝም። ሆን ብሎ ነው ያላየኝ።

ጁላይ 21

ኤም አር አይ። ስልኬ አያቆምም። አላነሳም።

ጁላይ 25፣ ዓርብ

ጅማቱ ተበጥሷል። ቀዶ ጥገና፣ ከዚያ አንድ ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ኳስ ሳይነካ። ሐኪሙ ምስሉን እያሳየን፣ ይህ የቅዳሜ ነገር ብቻ አይደለም አለ፤ ከወራት በፊት መቀደድ የጀመረ ነው። ሰኔ ላይ ቢታይ እረፍት ብቻ ሊበቃው ይችል ነበር ወይ ብላ እማዬ በእኔ በኩል ጠየቀች። «ምናልባት» አለ ሐኪሙ። እኔ ስተረጉምላት «አይታወቅም» አልኳት። ብዙም አይራራቁም።

ቡድኑ አያስፈርመውም። ስካውቱ ደወለ። ድምፁ ቁጡ አልነበረም፤ ደክሞት ነበር። «ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«አላውቅም ነበር» አልኩ። በእንግሊዝኛ ስለነበር ነው መሰል አላደናቀፈኝም።

ኦገስት 2፣ ቅዳሜ

ግሮሰሪው ጋ ሄድኩ፤ ካልሄድኩ ይጠይቃሉ ብዬ። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። የቢጫ ቲሸርቱ ትርፍ በካርቶን ተቀምጧል።

«አስራ አምስት የነበረው አስራ አራት ሆነ» አለ ሄኒ። ለክፋት አልነበረም፤ አፉ አያርፍም። ከዚያ ራሱ ፊቱን ሸፈነ። «እኔ ነኝ እኮ ስሙን የጠራሁት። ባልጮህ ሜዳ ይገባ ነበር እንዴ?»

«ዝም በል» አሉት ጋሽ ጸጋዬ። «የኔ ምላስ ነው። ብርጭቆ አልኩት። ልጁ ቆሞ እየሰማኝ።»

ቤትም እንዲሁ ነው። እማዬ የሰው ዓይን በላው ትላለች። «ያ ሁሉ ቲሸርት! ስሙን ጀርባ ላይ ለጥፎ ማሳየት ምን ያደርግ ነበር? እኔ ልከለክል ይገባኝ ነበር።» ፍልሰታ ሲገባ ጸበል ልትወስደው ነው።

ሁሉም ከጥፋቱ የድርሻውን ወስዷል። ለእኔ የተረፈኝ ማጽናናት ብቻ ነው። ጋሽ ጸጋዬን «የእርስዎ ጥፋት አይደለም» አልኳቸው። ግንባሬን ስመው «አንተ ጥሩ ወንድም ነህ» አሉኝ።

ኦገስት 12፣ ማክሰኞ

ቀዶ ጥገናው አልቋል። ክንዱ ከትከሻው እስከ አንጓው በብረትና በቀበቶ ታስሯል።

እማዬ ጾሙን ይዛ ምስር ሠራች። ትሪው ላይ ተቀመጥን። ብሩህ አላነሳም፤ እጁን አየ፣ እሷን አየ። ጠቅልላ አጎረሰችው፣ ደግማ አጎረሰችው። ሦስተኛውን ሊቀበል አልፈለገም፤ ሃያ ዓመቱ ነው።

«በግራህም ቢሆን ብላልኝ፣ ልጄ» አለች።

በግራው ቆረሰ። እማዬ ያቺን ግራ እጅ ስታያት ቆየች። እንጀራው ከእጇ ወደ ትሪው ወደቀ።

«ያኔም አሞህ ነበር እንዴ? ያን ቀን ስቆጣህ?»

ብሩህ ያኝካል።

ወደ እኔ ዞረች። «ስፖርተኞች ይለማመዳሉ ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

ውሃ ላመጣ ተነሳሁ። ማቀዝቀዣው ፊት ብዙ ቆምኩ። ስመለስ ያንን ጥያቄ አልደገመችውም። ዛሬ ማታ ስትሰናበተኝ ግን እንደሁልጊዜው አልሳመችኝም። ደክሟት ነው።

ኦገስት 20፣ ረቡዕ

ከዳታ ክፍሉ ኢሜይል መጣ። ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ኢንተርቪው። ለማንም አልነገርኩም። ደስ ሊለኝ ይገባል፤ ለዚህ ነው የተማርኩት።

ያኔት ዛሬ ቤት መጥታ የብሩህን ጣቶች አንቀሳቀሰችለት። ወደ መኪናዋ ስሸኛት ቁልፏን ይዛ ቆመች።

«ማን እንዳሸው ብሩህ አይነግረኝም» አለች። «አንተንም አልጠይቅህም። ግን ይስሐቅ፣ እንከን የለበትም የምትለዋ መስመር እስካሁን ግሩፑ ላይ አለች። ጋሽ ጸጋዬ እሷን እያነበቡ ነው ጥፋቱ የምላሴ ነው የሚሉት።»

«አጠፋዋለሁ።»

«ማጥፋት አላልኩህም» አለች።

ኦገስት 30፣ ቅዳሜ

ዛሬ ግሮሰሪ አልሄድኩም። መኝታ ቤቴ ሳለሁ ብሩህ ሳሎን ስልክ ያወራ ነበር። ግድግዳችን ስስ ነው። ከስካውቱ ጋር፣ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ኖ ሰር» አለ። «ወንድሜ ምንም አያውቅም ነበር። ደብቄው ነው። እሱ ሐቀኛ ሰው ነው። የሠራው ሥራ ሁሉ እውነተኛ ነው፣ ፕሊስ በእኔ ምክንያት አትተዉት።»

 ከዚያ «ታንክ ዩ፣ ሰር»።

ወጥቼ ምን ልበለው? አልወጣሁም። በሩ ሥር የእግሩ ጥላ መጥቶ ቆመ። ሊያንኳኳ መሰለኝ። ሄደ።

ይህን ደብተር ከጁን ጀምሮ አነበብኩት። አስራ አምስት ሰው በስም በስም ገምግሜ ሰጥቻለሁ። አንድ ስም ግን ዘልያለሁ።

ኦገስት 31፣ እሁድ

ብሩህ፣ ይህ ላንተ ነው።

እማዬን ከቅዳሴ መልስ መኪና ውስጥ ነገርኳት፤ ድልድዩ ላይ የጠየቅከኝን፣ ሀያትስቪልን፣ ሐኪሙ ያለውንና እኔ የተረጎምኩላትን። እስከ ቤት አልተናገረችም። ስትወርድ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው፤ ቢሰበር ይሻለኝ ነበር። ለስካውቱ «አውቅ ነበር» ብዬ ጻፍኩለት፤ ተልኳል። ኢንተርቪው የሚባል ነገር ከእንግዲህ አይኖርም። ግሩፑ ላይ ያቺን መስመር አላጠፋኋትም፤ ከሥሯ እውነቱን ጻፍኩ። ሄኒ እንኳ ምንም አላለም። ጋሽ ጸጋዬ አንብበዋል፣ ምልክቱ ያሳያል፤ አልመለሱልኝም።

የመስከረሙን ሥራ እፈልገው ነበር። ጁላይ 3 ላይ ሁለቱ ጉዳዮች አይገናኙም ብዬ የጻፍኩትን ታገኘዋለህ። አንተ ከእኔ ቀድመህ ገብቶህ ነበር፤ ገብቶህም ስካውቱ ፊት ወረወርክልኝ።

ደብተሩን አልጋህ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አማርኛ ማንበብ እንደሚያደክምህ አውቃለሁ፤ ቀስ ብለህ አንብበው። የማይገባህ ካለ ጠይቀኝ፣ በዚህ ጊዜ ሳልቀንስ እተረጉምልሃለሁ።

ያን ቀን ሬዲዮውን ዘግተህ «አንተ ምን ትላለህ?» አልከኝ። አሁን ተራው የእኔ ነው። አንተ ምን ትላለህ? ተሳደብ፣ ዝም ብቻ አትበለኝ። ቀጣዩ ገጽ ባዶ ነው፣ እስክሪብቶውም ውስጡ አለ። በእንግሊዝኛም ይሁን፣ በግራህም ቢሆን ጻፍልኝ።